ሁለት ጊዜ የተጠየቀው ያዕቆብ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ

የተከበሩ የዚህ ዓምድ አዘጋጅ፤

በግንቦት 1983 ዓ.ም. በአንድ ቀን ተኩል ገደማ ውስጥ ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል በአውሮፕላን ከተወሰዱት ከ14,000 በላይ ቤተ እስራኤላውያን መካከል አንዷ ነበርሁ። ያን ጊዜ ዕድሜዬ አሥር ዓመት ነበር። እናቴ ስም ስታወጣልኝ ከእኔ በፊት የሞቱባትን የሁለት ልጆች ሐዘን እንዳስረሳት ተመኝታ ነው። በደረስን በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ግን አንዲት መዝጋቢ ስሜ ለአፍ እንደሚከብድ ተናግራ በምትኩ የዕብራይስጥ ስም ጻፈችልኝ፤ የአያቴም ስም የቤተሰባችን መጠሪያ ሆነ። በዚያ ስም ተማርሁ፣ በዚያ ስም ሥራ ያዝሁ፣ በዚያው ስም አገባሁ። ባለፈው ዓመት በእናቴ ለቅሶ ላይ አንዲት በዕድሜ የገፉ ሴት ከኋላዬ ሆነው በልጅነት ስሜ ሲጠሩኝ፣ የተጠራሁት እኔ መሆኔን ለማወቅ ጊዜ ወሰደብኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ነገሩ ከልቤ አልወጣም።

በቅርቡ የኦሪትን መጻሕፍት በሥነ ልቦና መንገድ ወደሚያነብ አንድ ማኅበር ገብቻለሁ። መምህራችን እንደሚሉን በመጻሕፍቱ ውስጥ የምናገኛቸው ሰዎች ሁሉ የአንድ ሰው የውስጥ ክፍሎች ናቸው፤ ግብፅ የታሰርንበት ጠባብ ሥፍራ፣ ፈርዖን እልከኝነታችን፣ ያዕቆብና ዔሳውም በአንድ ልብ ውስጥ የሚጋፉ ሁለት ጠባዮች ናቸው። ይህ አነባበብ ስለ ራሴ ብዙ ነገር ገልጦልኛል። ነገር ግን ቄሳችን ኦሪቱን በግዕዝ ሲያነቡ እየሰማሁ ያደግሁ ሰው ነኝና፣ አባቶቻችን የምንላቸው ሰዎች የጠባይ ምሳሌ ብቻ ሲሆኑ አንድ ነገር የተወሰደብኝ ይመስለኛል። ይህ አነባበብ ትክክል ነውን? ያዕቆብ እስራኤል የተባለበት ታሪክስ ስሙ ለተለወጠበት ሰው ምን ይነግረዋል?

አንባቢ፣ ከረሆቦት

መልስ

ውድ እኅታችን፤ አስቀድሜ ስለ እናትዎ ዕረፍት እግዚአብሔር ያጽናዎት እላለሁ። ሁለቱን ጥያቄዎች ለየብቻ ለመመለስ ሞክሬ ነበር፤ ሆኖም ሁለተኛው የመጀመሪያውን የሚፈታ ሆኖ ስላገኘሁት አንድ ላይ አያቸዋለሁ።

መምህርዎ የሚያስተምሩት አነባበብ በእኛ ዘመን የተጀመረ አይደለም። በመጀመሪያው መቶ ዓመት በእስክንድርያ ይኖር የነበረው አይሁዳዊ ፈላስፋ ፊሎ፣ አብራም ከአገርህ፣ ከዘመዶችህና ከአባትህ ቤት ተለይተህ ውጣ የተባለበትን ቃል ሲተረጉም፣ አገር የተባለው ሥጋ፣ ዘመድ የተባለው የስሜት ሕዋሳት፣ የአባት ቤት የተባለውም ንግግር ነው ብሎ፣ መንገዱን ነፍስ የምትሄደው መንገድ አድርጎታል። ትእዛዙ በዕብራይስጥ «ሌኽ ሌኻ» ነው፤ ቃል በቃል ቢወሰድ «ለአንተ ሂድ» እንደ ማለት ይሆናል። በ11ኛው መቶ ዓመት የነበረው ታላቁ ተርጓሚ ራሺ «ለጥቅምህ፣ ለበጎህ» ብሎ ሲፈታው፣ የምሥጢራውያኑ መጽሐፍ ዞሃር ግን «ወደ ራስህ ሂድ» ብሎ አንብቦታል። ግብፅም በዕብራይስጥ «ሚጽራይም» ስለምትባል፣ ሐሲዲም የተባለው የአይሁድ መንፈሳዊ እንቅስቃሴ መምህራን ስሟን ጠባብ ሥፍራዎች ማለት ከሆነው «ሜጻሪም» ከሚለው ቃል ጋር አዛምደው፣ ሰው ሁሉ ሊወጣበት የሚገባ የራሱ ግብፅ እንዳለው ሰብከዋል። መምህርዎ የቆሙበት መሬት እንግዲህ ጽኑ ነው።

የእኔ ሥጋት የሚጀምረው ምሳሌው ሰውየውን ሲውጠው ነው። አጋርን እንመልከት። ፊሎ ሣራን የጥበብ፣ አጋርን ደግሞ ወደ ጥበብ ከመድረስ በፊት የሚቀሰመው የትምህርት ምሳሌ አድርጓቸዋል። ትርጓሜው ያማረ ነው፤ ነገር ግን በምድረ በዳ የተጠማችው ሴት የት ገባች? ዘፍጥረት 16ን እና 21ን በዝግታ ያነበበ ሰው እንደሚያስተውለው፣ አብርሃምና ሣራ ስለ እርስዋ ሲነጋገሩ «ባሪያዬ»፣ «ባሪያሽ»፣ «ይህች ባሪያ» ይላሉ እንጂ አንድም ጊዜ ስሟን አያነሡም። በስሟ መጀመሪያ የሚጠራት በውኃ ምንጭ አጠገብ ያገኛት መልአክ ነው፤ ጠርቶም ከወዴት መጣሽ፣ ወዴትስ ትሄጃለሽ ብሎ ይጠይቃታል። እርስዋም በበኩሏ ለሚያያት አምላክ ስም ታወጣለታለች፤ በኦሪት ውስጥ እንዲህ እንዳደረገ የተጻፈለት የመጀመሪያው ሰው ይህች ጌቶችዋ ስሟን ያልጠሩላት ግብፃዊት ናት። አጋር የእኔ አንዱ ክፍል ብቻ ከሆነች፣ ስም የተነፈገ ሰው በስሙ ሲጠራ የሚሆነውን ነገር የማይበት መስኮት ይዘጋብኛል። እርስዎም የተወሰደብኝ ነገር አለ ሲሉ ይህን ማለትዎ ይመስለኛል።

ፊሎ ራሱ አደጋውን ያውቅ ነበር። የምሥጢሩን ትርጉም ካወቅን ወዲያ ፊደሉን መጠበቅ አያስፈልገንም ያሉትን የዘመኑን ሰዎች ሲወቅስ፣ ሥጋ የነፍስ ማደሪያ ስለ ሆነ እንደምንጠነቀቅለት ሁሉ ለፊደሉም ልንጠነቀቅለት ይገባል ብሎ ጽፎአል። ሚሽና የተባለው ጥንታዊው የአይሁድ የሕግ ስብስብም በየትውልዱ ሰው ሁሉ ራሱ ከግብፅ እንደ ወጣ አድርጎ ራሱን እንዲያይ ሲያዝዝ፣ የወጡ ሰዎች ነበሩ ከሚለው ተነሥቶ ነው። እርስዎ ደግሞ በአሥር ዓመትዎ ከአገርዎና ከሚያውቁት ሁሉ በእርግጥ የወጡ ሰው ነዎት፤ መውጣት ምሳሌ ብቻ ነው ሲባል ልብዎ እሺ አለማለቱ አያስደንቅም።

አሁን ወደ ያዕቆብ። ያዕቆብ በሕይወቱ ሁለት ጊዜ ማንነቱን ይጠየቃል። የመጀመሪያው በዘፍጥረት 27 ላይ ነው። ዓይኑ የፈዘዘው ይስሐቅ «ልጄ ሆይ፣ አንተ ማን ነህ?» ሲለው፣ የወንድሙን ልብስ ለብሶ፣ እጁንና አንገቱን በጠቦት ቁርበት ሸፍኖ፣ «የበኵር ልጅህ ዔሳው ነኝ» ብሎ ይመልሳል። አባቱም ድምፁ የያዕቆብ፣ እጆቹ ግን የዔሳው መሆናቸውን እየተናገረ ይመርቀዋል። በሌላ ሰው ስም የተመረቀ ሰው ምርቃቱ የራሱ መሆኑን በምን ያውቃል? ከዚያ በኋላ ሸሽቶ በላባ ቤት 20 ዓመት ይቀመጣል፤ በዚያም በሠርጉ ሌሊት በታናሺቱ ፈንታ ታላቂቱ ትሰጠዋለች፤ ሲጠይቅም ላባ በአገራችን ታናሺቱን ከታላቂቱ በፊት መስጠት ልማድ አይደለም ይለዋል። ታናሽ ሆኖ የታላቁን ቦታ የወሰደ ሰው ይህን ቃል ሲሰማ በውስጡ ምን እንዳለፈ መጽሐፉ አንድ ቃል አይጽፍም። የዕብራውያን ትረካ የሰውን የልብ ነገር በዝምታ የሚያኖር ትረካ ነው፤ እኔ በበኩሌ ስለ ሰው ልብ ብዙ ከሚናገሩ መጻሕፍት ይልቅ ይህ ዝምታ የበለጠ አስተምሮኛል።

ሁለተኛው ጥያቄ በያቦቅ ወንዝ መሻገሪያ፣ በሌሊት፣ ያዕቆብ ብቻውን በቀረበት ሰዓት ይመጣል። እስኪነጋ ሲታገለው ያደረው ሰው «ስምህ ማን ነው?» አለው፤ እርሱም አንድ ቃል መለሰ፤ «ያዕቆብ»። ስሙ ተረከዝ ከሚለው ቃል ጋር የተያያዘ ነው፤ ዔሳውም በረከቱ በተወሰደበት ቀን ስሙ ያዕቆብ መባሉ እውነት ነው፣ ሁለት ጊዜ አሰናክሎኛልና ብሎ አልቅሶበታል። ስለዚህ ለያዕቆብ ስሙን መናገር መናዘዝ ጭምር ነበር፤ ከ20 ዓመት በፊት በአባቱ ፊት ያልመለሰውን መልስ አሁን መለሰ። እስራኤል የሚለው ስም የተሰጠው ከዚህ በኋላ ነው። ይህን ቅደም ተከተል ልብ እንዲሉልኝ እፈልጋለሁ። የእርስዎን ስም የጻፈችው መዝጋቢ የቀድሞውን የሰማችው ለመተው ነበር፤ የያዕቆብ ታጋይ ግን አስቀድሞ ስሙን ጠየቀ፣ ከባለቤቱ አፍም ሰማ፣ ከዚያ በኋላ ሰየመ። በሁለቱ መካከል ትልቅ ልዩነት አለ፤ እርስዎ የተሰማዎት ጉድለትም ከዚህ ልዩነት የመጣ እንጂ የእርስዎ ድክመት አይደለም።

ከዚያም ወዲህ ያለው ነገር ሊታለፍ አይገባውም። አብራም አብርሃም ከተባለ ወዲያ ዘፍጥረት በቀድሞ ስሙ ተመልሶ አይጠራውም። ያዕቆብን ግን አንድ ጊዜ ያዕቆብ፣ አንድ ጊዜ እስራኤል እያለ እስከ ሞቱ ይሄዳል። በስተርጅናው ወደ ግብፅ ሊወርድ ሲነሣ፣ እግዚአብሔር በሌሊት ራእይ ለእስራኤል ተናገረ ተብሎ ከተጻፈ በኋላ በዚያው ዐረፍተ ነገር «ያዕቆብ፣ ያዕቆብ» ተብሎ ይጠራል፤ እርሱም «እነሆኝ» ይላል። ታልሙድ የተባለው የአይሁድ የሕግና የትርጓሜ መጽሐፍ መምህራን አብርሃምን አብራም ብሎ የሚጠራ ትእዛዝን እንደሚተላለፍ ካስተማሩ በኋላ፣ ያዕቆብን ያዕቆብ ብሎ የሚጠራ ግን አይተላለፍም፣ መጽሐፉ ራሱ መልሶ ጠርቶታልና ብለዋል። በኦሪት ውስጥ እንግዲህ አዲስ ስም የቀደመውን የሚተካበት መንገድም፣ ሁለቱ ስሞች በአንድ ሰው ላይ አብረው የሚያረጁበት መንገድም አለ፤ ሕዝቡ በሙሉ ስሙን የወረሰውም ከሁለተኛው ሰው ነው።

የስዊዘርላንዳዊውን የሥነ ልቦና ሊቅ የካርል ጉስታቭ ዩንግን ትምህርት የሚከተሉ ተርጓሚዎች ዔሳውን የያዕቆብ «ጥላ»፣ ማለትም ሰው በራሱ ውስጥ ሊያየው የማይወደው ወገን አድርገው ያነቡታል፤ የያቦቅንም ትግል ሰው ከዚህ ወገኑ ጋር የሚያደርገው ትግል ይሉታል። በዚህ ውስጥ እውነት እንዳለ እቀበላለሁ። ሆኖም ታሪኩ በዘፍጥረት 32 አያበቃም። ፀሐይ ስትወጣ ያዕቆብ እያነከሰ ተሻግሮ፣ 400 ሰዎች አስከትሎ ከሚመጣው ከሥጋ ወንድሙ ጋር ይገናኛል። ዔሳው ሮጦ ያቅፈዋል፤ ተሳሳሙ፣ ተላቀሱም። ያን ጊዜ ያዕቆብ የእግዚአብሔርን ፊት እንደሚያይ ፊትህን አይቻለሁ ይለዋል፤ ሌሊቱን የታገለበትን ቦታ ጵኒኤል፣ ይህም የእግዚአብሔር ፊት ማለት ነው፣ ብሎ የሰየመው ገና በዚያው ጠዋት ነበር። ስጦታውን ሲያቀርብም በዕብራይስጡ ተቀበል የሚለው «ቢርኻቲ»ን፣ «በረከቴን» ነው፤ ዔሳው በዚያች ክፉ ቀን በረከቴን ወሰደ ብሎ የጮኸበት ያው ቃል ነው፤ መውሰድና መቀበል የተባሉትም በዕብራይስጡ አንድ ግሥ ናቸው። በወንድሙ ስም የወሰደውን በገዛ ስሙ መለሰ። ዔሳው የያዕቆብ ጠባይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ሁሉ በሌሊቱ ትግል ባለቀ ነበር፤ ምሕረት የሚለመን ሰው፣ የሚመለስለትም ዕዳ ባልኖረ ነበር። በያቦቅ ማዶ የሚጠብቅ ሌላ ሰው ስላለ ነው ያዕቆብ ማን እንደ ሆነ የታወቀው።

እነዚህ መጻሕፍት የማንነት ካርታ ናቸውን ቢሉኝ፣ አዎን እላለሁ፤ በካርታው ላይ ጎልቶ የተሣለው ግን በጠሪና በተጠሪ መካከል ያለው መንገድ ነው። ሙሴ በቁጥቋጦው ፊት «እኔ ማን ነኝ?» ብሎ ሲጠይቅ ስለ ጠባዩም ስለ ችሎታውም የተነገረው ነገር የለም፤ የተሰጠው መልስ «እኔ ከአንተ ጋር እሆናለሁ» የሚል ነው። ነቢዩ ናታንም ለዳዊት የድሀውን ሰው በግ ታሪክ ነግሮ፣ ንጉሡ በቁጣ ከፈረደ በኋላ «ያ ሰው አንተ ነህ» ሲለው፣ መምህርዎ የሚያስተምሩትን አነባበብ መጽሐፉ ራሱ ይሠራበታል፤ ዳዊት በምሳሌው ውስጥ ራሱን አየ። ዳዊት ሚስቱን ወስዶ ያስገደለው ኦርዮ ግን ምሳሌ አልነበረም፤ በጦር ግንባር የተገደለ ሰው ነበር፤ የዳዊት ንስሐም ያለ እርሱ ትርጉም የለውም።

ስለ ስምዎ ከሆነ፣ ከያዕቆብ ይልቅ ልጁ ዮሴፍ የሚቀርብዎ ይመስለኛል። ዮሴፍ በባዕድ አገር ቤተ መንግሥት ጸፍናት ፐዕናህ የሚል ስም ተሰጠው፤ መጽሐፉ ይህን ስም አንድ ጊዜ ጽፎ ሁለተኛ አያነሣውም። የበኵር ልጁን ደግሞ ምናሴ አለው፤ እግዚአብሔር መከራዬንና የአባቴን ቤት አስረሳኝ ሲል ነው። በእኛ ቋንቋ ይህ ስም ማስረሻ ነው፤ ሐዘን ያገኛቸው እናቶቻችን እስከ ዛሬ ለልጆቻቸው የሚያወጡት ስም። የዮሴፍን ነገር ያየ ሰው አንድ ነገር ይገባዋል፤ ማስረሻ ብሎ ልጁን የሚጠራ አባት፣ በጠራው ቁጥር የረሳሁት ያለውን ነገር ያነሣዋል። እናትዎም በስምዎ ውስጥ ሁለቱን ሟቾች እኅት ወንድሞችዎን አስቀምጠዋቸዋል። ወንድሞቹ እህል ፍለጋ ሲመጡ ዮሴፍ አወቃቸው፣ እንደ ባዕድም ሆነባቸው፤ በዕብራይስጡ ማወቅም ባዕድ መሆንም የተነገሩት ከአንድ ሥር በወጡ ቃላት ነው፤ ይህም በግዕዝ «ነኪር» የምንልበት ሥር ነው። በአስተርጓሚ ሲያነጋግራቸው ከቆየ በኋላ፣ መታገሥ ባቃተው ሰዓት ሰዎቹን ሁሉ አስወጥቶ በገዛ አፉ «እኔ ዮሴፍ ነኝ» አላቸው፤ ከዚህም ወዲያ የግብፅን ሥራውን አልተወም።

ስለዚህ በመታወቂያዎ ላይ የትኛው ስም ይጻፍ የሚለውን ለእርስዎ እተወዋለሁ። የምጠይቅዎ አንድ ነገር ነው፤ የልጅነት ስምዎ ለምን እንደ ወጣልዎት፣ ከእርስዎ በፊት የተወለዱት ሁለቱ ልጆችም ማን እንደሚባሉ ለቤተሰብዎ ይንገሩ። በለቅሶው ላይ የጠሩዎትን ሴትም ሄደው ይጠይቋቸው፤ ያ ስም በአፋቸው ሳለ ብዙ የሚነግሩዎት ነገር ይኖራቸዋል።

ጥያቄ

«ሥነ ልቦና» የሚለው ቃላችን የወጣው ከልብ ነው። በዕብራይስጡ መጽሐፍ «ልብ»ና «ነፍስ» ሲባል እኛ የምንለውን ማለቱ ነውን?

አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ

ቃላቱ የሥጋ ዘመዳሞች ናቸው፤ የዕብራይስጡ «ኔፌሽ» የእኛ ነፍስ፣ «ሌቭ» ደግሞ የእኛ ልብ ነው። ሆኖም ኔፌሽ በብዙ ቦታ ጉሮሮን፣ እስትንፋስን፣ መጠማትንም ይናገራል። መዝሙረኛው ውኃ እስከ ነፍሴ ደረሰብኝ ሲል ውኃው አንገቱ ላይ መድረሱን መናገሩ ነው። በዘፍጥረት 2 ላይም ሰው ነፍስ እንደ ዕቃ አልገባችበትም፤ እስትንፋስ እፍ ተባለበትና ሕያው ነፍስ ሆነ። ልብ ደግሞ ከስሜት ይልቅ የማሰብና የመወሰን ሥፍራ ነው፤ ሰሎሞን ፍርድ ለመስጠት የለመነው የሚሰማ ልብ ነበር። ይህ ለአማርኛ አንባቢ እንግዳ አይደለም፤ «ልብ አድርግ»፣ «ልብ ገዛ»፣ «ልበ ቢስ» ስንል ስለ አእምሮ እየተናገርን ነውና። ከሁሉ የተሰወረውን የሰው ሐሳብ ዕብራውያን በኩላሊት ያስቀምጡታል፤ ልብንና ኩላሊትን የሚመረምር የሚለውን አባባል በዚህ መልክ ቢያነቡት ይከፈትልዎታል። መዝሙር 42ም «ነፍሴ ሆይ፣ ለምን ታዝኛለሽ?» ይላል። ተናጋሪውና የሚያዝነው አንድ ሰው ናቸው፤ ሰው ራሱን እንደ ወዳጅ ሊያናግር እንደሚችል ከዚህ በተሻለ የተጻፈበትን ቦታ አላውቅም።

ጥያቄ

አባቶቻችን በአንድምታ ትርጓሜ አንዱን ኃይለ ቃል «አንድም» እያሉ በብዙ መንገድ ያመጡታል። ሥነ ልቦናዊውን አነባበብ እንደ አንድ ተጨማሪ «አንድም» ልንቆጥረው እንችላለንን?

ዲያቆን፣ ከጎንደር

መልስ

በአንድ ነገር ላይ ከተስማማን እንችላለን። «አንድም» የሚለው ቃል ይጨምራል እንጂ አያጠፋም፤ ሁለተኛው ትርጉም ሲመጣ የመጀመሪያው ከቦታው አይነሣም። ዔሳው ወንድም ነው፤ አንድም በልባችን ያለ የተገፋ ጠባይ ነው ቢባል እሰማለሁ። ዔሳው ወንድም ሳይሆን ጠባይ ነው ሲባል ግን «አንድም» ቀርቶ ሌላ ነገር ተጀምሯል።

ከዚህ ሌላ እርስዎ ከእኔ በተሻለ የሚያውቁት ሥርዓት አለ፤ በአብነት ትምህርት ቤት ንባብ ሳይጸና ወደ ትርጓሜ አይገባም። እኔም እንዲህ ያለ የንባብ ጉባኤ እንድመራ ስጠየቅ፣ ማንም ስለ ራሱ ከመናገሩ በፊት ዘፍጥረት 25፣ 27፣ 32 እና 33 በአንድ መቀመጫ ጮክ ተብለው እንዲነበቡ አደርጋለሁ። ንባቡ ሲያበቃ አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚነሣው ጥያቄ ስለ ያዕቆብ አይደለም፤ ዔሳው ለምን ሮጦ አቀፈው የሚል ነው።